ዘንጉ ሳይዞር የተነገረ ወሬ

ሥራዬ አይጥ ላይ ሰዓት መያዝ ነው። እንዲህ ብዬ ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ደግሞም እወደዋለሁ። የመድኃኒት ዕፅዋት በሚመረመሩበት ቤተ ሙከራ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ነጭ ጋውኔን ለብሼ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣ የሴኮንድ ሰዓቴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እውላለሁ። ሰው "ፈውስ ነው" ብሎ የሚያወራለት ቅጠልና ሥር ሁሉ ወደኛ ይመጣል። እናደርቀዋለን፣ እንፈጨዋለን፣ ሦስት ቀን በአልኮል እንዘፈዝፈዋለን፣ እናጠልለዋለን። አልኮሉ ተንኖ ሲያልቅ ከታች እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ይቀራል። ያንን በውኃ በጥብጠን ለአይጦቹ እናጠጣና እውነት ሕመም የሚያስታግሥ እንደሆነ እንጠይቃቸዋለን። አይጥ ይሉኝታ የለውም፤ የማንንም ፊት አይቶ አይመልስም።

አባዬ ግን ሥራዬን አንድም ቀን ከቁም ነገር ቆጥሮት አያውቅም ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ነገር ይወዳል። "የአይጥ ሞግዚት" ይለኛል። እንግዳ ሲመጣ የመጀመሪያ ልጁ መሆኔንና አይጥ እንደማሳድግ ቆፍጠን ብሎ ይናገራል። እኔም አፌ አያርፍ፣ አይጦቼ ከሱ ተሳፋሪዎች እንደሚሻሉ፣ ቢያንስ ወንበር ላይ ማስቲካ እንደማይለጥፉ እነግረዋለሁ። አባዬ የተማሪዎች ሰርቪስ ሾፌር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ልጆችን ከየደጃቸው እየለቀመ ትምህርት ቤት አድርሷል፤ ድሮ ያመላለሳቸው ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ይሰጡታል። አንድ ሰው ነክቶ አያውቅም። ርግብ መንገድ ላይ ካየ እንኳ ስለሚያቆም ጓደኞቹ "ፍሬን" ብለው ሰይመውታል፤ ስሙን ይወደዋል።

ሠላሳ አራት ዓመት መቀመጥ ግን ወገቡን በላው። ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ በሁለት እጁ ግድግዳ ይዞ ነው። ለዚህ የሚጠጣው ነገር አለ፤ አጥራችን ሥር ከሚበቅል፣ ሟች እናቱ ከተከሏት ቁጥቋጦ ቅጠል ቀንጥሶ ያፈላል፤ ማታ ከመተኛቱ በፊት አንዲት ስኒ። "ይህቺ ባትኖር ተጣጥፌ ቀርቼ ነበር" ይላል። አንድ ቀን አንድ ፌስታል ሙሉ ቅጠል ይዞ መጣና የሰው ቅጠል ስቀቅል ከምውል የገዛ አባቴን ቅጠል ለምን እንደማልሞክር ጠየቀኝ። ለማሾፍ ነበር። እኔ ግን ይዤው ሄድኩ።

ዶክተራችን፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ቀጭን ጸጥተኛ ሰው ናቸው፤ ደስ የማይል ነገር ሊናገሩ ሲሉ መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ቅጠሉን ገልብጠው አይተው፣ መዝገብ አገላብጠው፣ ይህን ዝርያ ማንም ለክቶት እንደማያውቅ ነገሩኝ። መነጽራቸውን አልወለወሉም። ሥራው ተጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሚሞቅ የብረት ሰሌዳ አለን፤ ሙቀቱ ሃምሳ አምስት ዲግሪ ላይ ይቆማል። ዙሪያውን በመስታወት ከልለን አይጧን እናስቀምጣታለን። የኋላ እግሯን የላሰች ወይም የዘለለች እንደሆነ ሰዓቱን አቁሜ አነሣታለሁ። ምንም ባታደርግ እንኳ አሥራ አምስት ሴኮንድ ላይ ትነሣለች፤ እንዳትቃጠል። በዚህ ቀልድ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ አሥራ ስድስት ሲያደርስብኝ ከክፍሉ አባርሬዋለሁ። ውኃ ብቻ የጠጡት አይጦች ስድስትና ሰባት ሴኮንድ ላይ ዘለሉ። የታወቀውን የሆስፒታል ማስታገሻ የወሰዱት አሥራ ሁለት ደረሱ። ከዚያ የአባዬ ቅጠል ተራ ደረሰ። የመጀመሪያዋ አሥራ ሦስት። ሁለተኛዋ አሥራ አራት። ሦስተኛዋ አሥራ አምስት ድረስ ንቅንቅ ሳትል እኔው አነሣኋት። የተቀሩት ሦስቱም እንደዚያው። ሰዓቱ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት።

አሁን የምናገረውን ያዙልኝ፤ ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው። እንቅልፍ የተጫናት አይጥም አትዘልም። አልሞቃትም ማለት አይደለም፤ ሞቋት መነሣት አቅቷት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ቅጠል በሰሌዳው ብቻ አይመሰከርለትም፤ ወደ ዘንጉ ይሄዳል። ዘንጉ በሞተር ቀስ ብሎ የሚሽከረከር እንጨት ነው፤ አይጧ ላዩ ላይ ትራመዳለች። የነቃች አይጥ ሁለት ደቂቃ ስትራመድ ትቆያለች፤ የደነዘዘች ከሥሩ የተነጠፈው ስፖንጅ ላይ ትወድቃለች። የዚያን ሰሞን ደግሞ የዘንጋችን ቀበቶ ተበጥሶ ሞተሩ ብቻውን ያንጎራጉር ነበር። ዶክተራችን ቁጥሮቼን አዩና ጥሩ ነው፣ ግን ዘንጉ እስኪሠራ ምንም አላገኘንም አሉ። እኔ ይህን ከሳቸው እኩል አውቃለሁ። ለአዲስ ተማሪ ሁሉ በየዓመቱ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? በሩጫ ቤት ገብቼ ነገርኩት።

ቁርጥ ያለ እውነቱን ልናገር፤ አልረሳሁም። የዘንጉ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን አባዬ "አሥራ አምስት ነው ያልሽው?" ሲል የፊቱ ነገር እንዴት እንደሆነ ብታዩ! የሆስፒታሉስ ስንት ነው አለኝ። አሥራ ሁለት አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠና ዓይኑ እንባ አቀረረ። "እናቴ ሰው ሁሉ ሲስቅባት ነው የኖረችው" አለ። ከዚያ ሃያ አንድ ዓመት ጠይቆኝ የማያውቀውን ሁሉ ጠየቀኝ፤ ሰሌዳው ስንት ነው የሚሞቀው፣ አይጧን በምን አጠጣሻት፣ ሰዓቱን ማን ይይዛል። እኔ ነኝ የምይዘው ስለው እጄን ያዘኝ። በዚያ ሰዓት ስለ ተበጠሰ ቀበቶ የሚያወራ አንጀት ከየት ይምጣ? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ።

አባዬም ቀኑን አላባከነም። አንዲቷ የማታ ስኒ ሦስት ሆነች፤ ጠዋት ከቁርስ ጋር፣ እኩለ ቀን ላይና ማታ። ፔርሙዝ ገዛ። ቅጠሉን አፍልቶ ሞልቶ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ይሸጉጠዋል። ይህም ሳያንስ፣ የሰርቪስ ሾፌሮች ልጆቹን አድርሰው መኪና በሚያቆሙበት፣ ከጋራዡ ጎን ባለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር እየዞረ ይቀዳላቸው ጀመር። ከሱ ጋር ስድስት ሾፌሮች ናቸው፤ ወገቡን፣ አንገቱን፣ ጉልበቱን የማያመው የለም። ከሁሉ ትልቁ ሰውዬ ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ስለተደረጉ "ጎማ" ይባላሉ፤ ያልተለጠፈ ቦታ የላቸውም። እሳቸውማ ራሳቸው ፔርሙዝ ይዘው ይመጡ ነበር አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። አባዬ ሲቀዳላቸው፣ "ልጄ በሰዓት ለክታ ነው ያረጋገጠችው" ይላል። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ደስ እንዲለኝ ብሎ። ደስ አለኝ። ዘንጉን ግን ያን ቀንም አላነሣሁበትም።

እማዬ ደግሞ ዓለሟን አየች። አባዬ ሬዲዮኑን መሳደብ ተወ። ምግብ ሲዘገይ ሰዓቱን አያይም። ልብሱን አጥፎ ያስቀምጣል። ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ፈገግ እንዳለ ይቀመጣል። እማዬ ወጥ ቤት ጠርታኝ በሹክሹክታ፣ አርባ ዓመት ያላገኘችውን ባል ቅጠሉ እንደሰጣት ነገረችኝና ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን። አንድ ቀን ሻዩን ሲያማስል አየሁት፤ ሳያቋርጥ አማሰለ፤ ስኳር ግን አላደረገበትም ነበር። ይህን አይቼ ምን አልኩ? ዕድሜ ነው አልኩ። የአይጥ ጢም ስትንቀሳቀስ የሚያይ ዓይኔ የገዛ አባቴን አላየም።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሐሙስ ዕለት ዶክተራችን አንድ የስፌት መኪና ጠጋኝ ይዘው መጡ። ሰውዬው የዘንጉን ሞተር ከፍቶ አየና ከኪሱ የስፌት መኪና ቀበቶ አውጥቶ አስገባበት። ልክ ሆነ። እኛ ከውጭ አገር ይመጣል ብለን ስንጠብቀው የከረምነውን ነገር በአሥር ደቂቃ ጨርሶ ሄደ።

ከምሳ በኋላ ጀመርን። ውኃ የጠጡት ስድስቱም ሁለት ደቂቃ ሞሉ፤ አንዷማ ለመውረድም እምቢ ብላ ጅራቷን ይዤ ነው ያነሣኋት። ቀጥሎ የቅጠሉን አወጣሁ። የመጀመሪያዋን ዘንጉ ላይ አስቀመጥኳት። ሦስት እርምጃ ሄደች። ከዚያ እግሯ መራመዱን ረሳው። አልዘለለችም፣ አልተፍጨረጨረችም፤ ዘንጉ ይዟት ዞረና ስፖንጁ ላይ አራገፋት። እዚያው ተጋድማ ቀረች፤ ሰላም ነች። አሥራ ዘጠኝ ሴኮንድ። ሁለተኛዋ ሃያ ሁለት። ሦስተኛዋ አሥራ አንድ። ከዚያ ያነሰ መጠን የጠጡትም ወደቁ። ዶክተራችን መነጽራቸውን አወለቁና ይወለውሉ ጀመር።

ስፖንጁ ላይ የተጋደመችውን አይጥ ሳይ ወንበሩ ላይ ጭንቅላቱን ዘንበል ያደረገው አባዬ ነው የታየኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ትምህርት ቤት የሚለቀቀው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለዶክተራችን "አባቴ ይህን ጠጥቶ ልጆች ጭኖ ይነዳል" አልኳቸው። ማን ፈቀደለት ብለው አልጠየቁኝም፤ ፊቴ ይናገር ነበር። ሂጂ አሉኝ። ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ፣ የሴኮንድ ሰዓቱ ደረቴ ላይ እየተንገላታ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ ሮጥኩ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ልጆቹ ገብተው ጨርሰዋል። አሥራ ስድስት ልጆች፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ታቅፈው፣ እንደ ወፍ እየተንጫጩ። አባዬ መሪውን ይዞ ተቀምጧል። ፔርሙዙ ከጎኑ ነው፤ ክዳኑ ውስጥ ግማሽ የተጠጣ አለ። የፊቱን በር ከፍቼ አጠገቡ ገባሁ።

"አባዬ፣ ዛሬ አትነዳም" አልኩት።

ሳቀ። በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ዘንጉን፣ ቀበቶውን፣ የወደቁትን፣ ቅጠሉ ሕመሙን ሳይሆን ሰውየውን እንደሚያስተኛ። እያዳመጠ ፊቱ እየተለወጠ ሄደ። አይጥ ወደቀች ብዬ በልጆቹ ፊት ላዋርደው እንደሆነ ጠየቀኝ። እሱ ሠላሳ አራት ዓመት የነዳ ሰው ነው፣ አይጥ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በፊት አሥራ አምስት ሴኮንድ ብዬ ያስለቀስኩት እኔው አይደለሁም ወይ? አሁን ደግሞ ከየት አባቷ የመጣች ዘንግ ናት? እውነቱን ነው። እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። ቀስ ብሎ ነው የሄደው። እኔ ቀደምኩትና ቁልፉን ነቀልኩ። በሕይወቴ አባዬን በእጅ ቀድሜው አላውቅም፤ ልጅ ሆነን ዝንብ በመዳፉ ሲይዝ አፋችንን ከፍተን ነበር የምናየው። እሱም ቁልፉን ሳይሆን ባዶ እጁን አየ።

ከኋላ ልጆቹ ቦርሳቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ቶሎ ይገባቸዋል። አባዬ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ በዝግታ በመኪናው አፍንጫ በኩል ዞሮ መጣና እኔ ወደ መሪው ስሻገር እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲሰድበኝ ነው የተማርኩት። አሁን ግን ግራ መታጠፊያውን ሳሳልፈው እንኳ አልሰደበኝም። ልጆቹ ናቸው በጣታቸው እያሳዩ የመሩኝ። አሥራ ስድስቱንም በየደጃቸው አወረድኩ። ላብ በላብ ሆኛለሁ። የመጨረሻዋ ልጅ ወርዳ እናቷ በሩን ስትዘጋ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወደ ቤተ ሙከራሽ ንጂ" አለኝ።

ሃያ አንድ ዓመት ደጁን ረግጦት አያውቅም። ዶክተራችን ቆመው ተቀበሉት፤ ወንበር ሰጡት። አባዬ ግን ለጨዋታ አልመጣም። ወግ አልፈልግም፣ ራሴ ልይ አለ። አንዷን ውኃ፣ አንዷን ቅጠሉን አጠጥተን፣ የትኛዋ ምን እንደጠጣች እንዳንነግረው ፈለገ። ምን እንዳደረገ አስቡት፤ ተማሪዎችን ዓመት ሙሉ የምንጨቀጭቅበትን ነገር ማንም ሳይነግረው ራሱ አመጣው። ዶክተራችን እኔን አዩኝ። ለብቻቸው ሄደው አጠጥተው ሁለቱን ጎጆዎች አመጡና ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አባዬ ጎንበስ ብሎ አይጦቹን ሲያያቸው ቆየ። አንዷ ጎጆዋን ትዞራለች፣ ታሸታለች፣ ሽቦውን ትነክሳለች፣ አታርፍም። ሌላዋ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ የተበጠረ ነው የሚመስለው፣ ዓይኗ ከፈት።

አባዬ ያረፈችውን አሳየ። "ይቺ ናት ደህናዋ" አለ። "ያቺኛዋን አንድ ነገር ያማታል። ይቺ ግን ሰላም ናት።"

ዶክተራችን ዘንጉን አስነሡ። በመጀመሪያ ያቺን አታርፍ ያላትን አስቀመጥኳት፤ ሁለት ደቂቃ እየተራመደች ሞላች። ከዚያ አባዬ የመረጣትን። አራት እርምጃ ሄደች። እግሯ ቆመ። ዘንጉ አልቆመም። ስፖንጁ ላይ ስትወድቅ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። አባዬ አንድ ጊዜ ድገሚው አለኝ። ደገምኩት። ወደቀች። ሦስተኛ ልደግም ስል እጄን ያዘና ተዪያት አለ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ዶክተራችን እንዳሉ ረስቶ ለኔ ተናገረ።

"ማክሰኞ ዕለት መሻገሪያው ላይ" አለ። "አንዲት ልጅ ነበረች። አየኋት እኮ! ከሩቅ ነው ያየኋት። እግሬ ግን ዘገየ። አልነካኋትም፤ ቦርሳዋ ግን መኪናውን ነካ። ዞራ አየችኝ። ልቤ እንኳ አልደነገጠም። ያን ጊዜ እኔ ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? ወገቤ እኮ አላመመኝም አልኩ።"

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሠላሳ አራት ዓመት። እኔ ደግሞ የሴኮንድ ሰዓቴን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ያቺ ልጅ ቦርሳዋ ባይሆን ኖሮ... አልጨርሰውም። ዶክተራችን ውኃ አመጡለት። ማታ ማታ አንዲቷን ስኒ ሲጠጣ ለምን ጥሩ እንቅልፍ ይተኛ እንደነበር፣ ቅጠሉ ሥራ እንዳለው፣ ግን ሥራው ምን እንደሆነ ገና እንዳልጨረስን በቀስታ ነገሩት። አባዬ ግማሹን የሰማ አይመስለኝም። ሰዓት ጠየቀ። አሥራ አንድ ሊሆን ነው። ሾፌሮቹ መኪናቸውን ሊያቆሙ የሚሰበሰቡበት ሰዓት ነው። "አምስቱም ነገ ጠዋት ልጅ ይጭናሉ" አለና ግድግዳውን ይዞ ተነሣ።

የቆርቆሮው ጥላ ሥር ስንደርስ አምስቱም ነበሩ። አንዱ መኪናውን ያጥባል፣ ሁለቱ ዳማ ይጫወታሉ። ጎማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፔርሙዛቸውን ሊከፍቱ ነው። አባዬ መሃላቸው ገብቶ ቆመ። ይህ ሰው ስህተቱን ሲያምን ሰምቼ አላውቅም፤ መንገድ ከጠፋው እንኳ መንገዱ ነው የተሳሳተው።

"ስሙኝ" አለ። "ያ ቅጠል ቀን አይጠጣም። ያስተኛል። ሰው እንደተኛም አያውቀውም፤ እኔ አላወቅኩም። ማክሰኞ ልጅ ልገድል ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄ ገና አልጨረስንም፣ ጠብቅ ብላኝ ነበር፤ ቸኩዬ ያጠጣኋችሁ እኔ ነኝ።"

ሁሉም ወደኔ አዩ፤ በአክብሮት ነው ያዩኝ፣ አባቷን መክራ እምቢ እንዳላት ምስኪን ምሁር። መንገዱን ጠርጎ ሰጥቶኛል፤ መራመድ ብቻ ነበር የቀረኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። አባዬም ዝም በዪ የሚል ዓይን ሰጠኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአንድ አፍታ ዝም አልኩ። ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን እነዚህ ሰዎች ነገም ሌላ ነገር ቢጠይቁኝ አምነውኝ እንደሚጠጡ ታሰበኝ።

"ውሸቱን ነው" አልኩ። "ጠብቅ አላልኩትም። መጠበቅ እንዳለበት አውቅ ነበር፤ ሥራዬ እኮ ነው። አባቴ ደስ ሲለው ለማየት ብዬ ግማሹን ብቻ ነገርኩት። ያጠጣችሁ እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ።"

አባዬ ፊቱን አዞረ። የሠራልኝን አፈረስኩበት፤ ተናዷል፣ ገብቶኛል። ዳማ ከሚጫወቱት አንዱ እርስ በርሱ ጥፋት የሚሻማ ቤተሰብ አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ ትንሽ ተሳቀ። የሚያጥበው ሰውዬ ባለፈው ዓርብ መብራት ላይ ቆሞ ከኋላው ጡሩምባ እስኪነፉበት እንዳልነቃ በቀስታ አወራ። አንገቱን ደፍቶ ነው ያወራው። ጎማ ብድግ አሉና ፔርሙዛቸውን እስከ ታች ዘቅዝቀው መሬት ላይ አፈሰሱት። መሬቱ ሲጠጣው አዩት። ከዚያ በቀጥታ ወደኔ መጡ።

"ማታ ማታ ብጠጣውስ?" አሉ። "ጉልበቴን ያሽለኛል ወይስ አያሽለኝም? አንቺ ነሽ የምታውቂው።"

አምስቱም ጠበቁ። አባዬም ዞሮ አየኝ። እኚህ ሰው ለጉልበታቸው ያልሞከሩት የለም፤ ዓይናቸው ለምኖኛል። ሰሌዳው ላይ አሥራ አምስት ሴኮንድ የቆመችውን አይጥ አሰብኩ። ሕመሙ ቀርቶላት ይሁን መነሣት አቅቷት፣ አሁንም አልለየሁትም። ለመለየት ገና ብዙ አይጥ፣ በትንሽ በትንሽ መጠን፣ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል። ጥሩ መልስ መስጠት እችል ነበር። ሁልጊዜም እችላለሁ።

"አላውቅም" አልኳቸው። "ገና አላውቅም። እስካውቅ ድረስ ማታም ቢሆን አይጠጡት። ሳውቅ እዚህ ድረስ መጥቼ እነግርዎታለሁ፤ ጥሩም ቢሆን፣ መጥፎም ቢሆን።"

ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ ስድስት ዓመት ሐኪም ቤት ሲመላለሱ አላውቅም ያላቸው ሰው እንዳልነበረ ነገሩኝ። እሺ ልጄ፣ እጠብቃለሁ አሉ። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እያሹ ሄደው መኪናቸውን ቆለፉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ፔርሙዛቸውን ደፉ።

አባዬ የሰርቪሱን ቁልፍ ለሚያጥበው ሰውዬ አስረክቦ፣ ሐኪም ቤት እስኪታይ ጠዋትም ከሰዓትም ተራውን ከራሱ ጋር ደርቦ እንዲሸፍንለት ተነጋገረ። ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ቅጠሉ እየለቀቀው ነበር መሰለኝ፣ ወገቡን ይዞ ፊቱን አጨማደደ። ክንዴን ሰጠሁት። ሳያንገራግር ያዘው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

"አመመህ?" አልኩት።

"በደንብ" አለ። "ክፉኛ ነው የሚያመኝ።" ከዚያ መንገዱን ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጊዜ አይቶ ይዞኝ ተሻገረ።